ሌሊት እየተነሳ አየር የለካው ኬሚስት

እ.ኤ.አ. በ1955 ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ የተባለ ወጣት ኬሚስት በካሊፎርኒያ ቢግ ሰር በሚባል የባሕር ዳር ጫካ ሰፈረ። በየጥቂት ሰዓቱ ከመኝታው እየተነሳ፣ ውስጡ ያለው አየር ተመጦ የወጣለትን ትልቅ የመስታወት ብልቃጥ ይከፍትና የጫካውን አየር አስገብቶ መልሶ ይዘጋዋል። ሌሊት ተነሥተህ ለካ ያለው ሰው አልነበረም። ጥናቱ በውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ካርቦኔት ነበር፤ ለዚያም በአካባቢው አየር ውስጥ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳለ በደምሳሳው ማወቁ ይበቃው ነበር። እሱ ግን በደምሳሳው የሚባል ነገር አይሆንለትም። መለኪያውን እንኳ የሠራው ራሱ ነው።

ብልቃጦቹ ቤተ ሙከራ ገብተው ሲለኩ ያልተጠበቀ ሥርዓት ታየ። ሌሊት ዕፀዋቱና አፈሩ የሚተነፍሱት ጋዝ ከመሬት አጠገብ ስለሚጠራቀም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ከላይኛው ጋር ሲደባለቅ ይወርዳል፤ ወርዶ የሚያርፈውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ከሚሊዮን እጅ አየር 310 እጅ ገደማ። በረሃ ወርዶ ለካ፤ ተራራ ወጥቶ ለካ፤ ያው ሆነ። የዘመኑ ሊቃውንት የሚያውቁት ግን ሌላ ነበር። በስካንዲኔቪያ ይሰበሰቡ የነበሩት ልኬቶች ከቀን ቀን፣ ከቦታ ቦታ በጣም ይራራቁ ስለነበር የዓለምን አየር በአንድ ቁጥር መግለጽ የማይታሰብ ይመስል ነበር።

ያ ቁጥር የተፈለገው ይህ ጋዝ ምድርን ያሞቃል ወይ የሚል አንድ መቶ ዓመት ያስቆጠረ ክርክር ስለነበረ ነው። በ1856 ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት የተለያየ ጋዝ የሞላችባቸውን የመስታወት ቱቦዎች ፀሐይ ላይ ስታደርግ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ከሌሎቹ ይልቅ ጋለ፤ ጥላ ውስጥ ሲገባም ለመቀዝቀዝ ዘገየ። እንዲህ ያለው ጋዝ የበዛበት አየር ምድርን እንደሚያሞቅም ጻፈች። ጽሑፏን በሳይንቲስቶች ጉባኤ ፊት ያነበበላት ወንድ ነበር፤ ስሟም ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ተረሳ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ጆን ቲንዳል፣ ከምድር ወደ ላይ የሚወጣውን ሙቀት ይህ ጋዝ ይዞ እንደሚያስቀር በረቀቀ መሣሪያ አሳየ፤ ክብሩም ለእሱ ሆነ። በ1896 ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ጋዙ እጥፍ ቢሆን ምድር ከ5 እስከ 6 ዲግሪ እንደምትሞቅ በእጁ አሰላ። የብርድ አገር ሰው ነውና ነገሩ ብዙም አላስጨነቀውም።

ቀጥሎ የመጣው ጋይ ካለንደር የአየር ጠባይ ባለሙያ እንኳ አልነበረም፤ የእንፋሎት መሐንዲስ ነው። በትርፍ ጊዜው ከ147 ጣቢያዎች የሙቀት መዝገብ ሰብስቦ በ1938 ምድር እየሞቀች እንደሆነ፣ ምክንያቱም የድንጋይ ከሰል ጭስ እንደሆነ ለእንግሊዝ ሜትሮሎጂስቶች ነገራቸው። ሰሙት፤ ግን አላመኑትም። ትርፉን ጋዝ ውቅያኖስ ይውጠዋል የሚል እምነት ነበራቸው። እሱም ቢሆን ሙቀቱ የበረዶ ዘመን እንዳይመለስ ይረዳል ብሎ በጎ በጎውን ያስብ ነበር።

የውቅያኖሱ መከራከሪያ የተነካው በ1957 ነው። ሮጀር ሬቬልና ሃንስ ዙስ የባሕር ውሃ ኬሚስትሪ ጋዙን እንደታሰበው በቀላሉ እንደማይቀበል ጻፉ። ዙስ ቀደም ብሎም ሌላ ፍንጭ ይዞ ነበር። በሕይወት ያለ ተክል ውስጥ ካርቦን 14 የሚባል ቀስ በቀስ የሚጠፋ የካርቦን ዓይነት ይገኛል፤ ለሚሊዮኖች ዓመታት ተቀብሮ በኖረ የድንጋይ ከሰል ውስጥ ግን ፈጽሞ የለም። ዙስ የዛፍ ግንድ ቀለበቶችን ሲመረምር በቅርብ ዘመናት የበቀሉት የካርቦን 14 ድርሻቸው ሳስቶ አገኘ። ከተቀበረ ነገር የወጣ ካርቦን አየሩን በርዞታል ማለት ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ብልሁ እርምጃ ይህ ነው፤ ጭሱ ከየት እንደመጣ ጭሱ ራሱ መሰከረ።

አሁን የቀረው አየሩን ዓመቱን ሙሉ መከታተል ነው። ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ በታወጀው ጊዜ ገንዘብ ተገኘና በመጋቢት 1958 የኪሊንግ መሣሪያ ሃዋይ ውስጥ በማውና ሎዋ እሳተ ገሞራ ጎን፣ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተተከለ። ከተማና ደን ርቆ፣ ከውቅያኖስ የሚነፍስ ንጹሕ አየር የሚያገኝ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ንባብ 313 ሆነ። ኪሊንግ ደስ አለው፤ የጠበቀው ነበር።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። በሚያዝያ ቁጥሩ ወጣ፤ በግንቦት ደግሞ ጨመረ። መብራት ጠፋ። መሣሪያው ተመልሶ ሲሠራ ቁጥሩ ከግንቦቱ ወርዶ ተገኘ። መብራት እንደገና ጠፋ፤ በኅዳር ሲለካ ይበልጥ ወርዷል። አየሩ አንድ ቁጥር አለው ብሎ የተነሣው ሰው፣ የስካንዲኔቪያዎቹ ዓይነት ዝብርቅርቅ እጁ ላይ የወደቀ መሰለው። ዓመት ሲደፍን ግን ቁጥሩ እንደገና መውጣት ጀመረ፤ በግንቦትም ጫፍ ደረሰ፤ ከዚያ ወረደ። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ደን ቅጠል ሲያወጣ ጋዙን ይስባል፤ ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ይመልሳል። የመላው ንፍቀ ክበብ አተነፋፈስ በአንድ ወረቀት ላይ ሲሰመር ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሁለተኛው ዓመት ጫፍ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ደቡብ ዋልታ የተወሰደው ናሙናም ይህንኑ ይላል። ኪሊንግ በ1960 ጭማሪው የነዳጅና የከሰል ቃጠሎ ካመጣው ጋር እንደሚቀራረብ ጻፈ። ውቅያኖስ ሁሉን አልዋጠም።

በ1964 በጀት ተቆርጦ ልኬቱ ለጥቂት ወራት ተቋረጠ፤ ክፍተቱ እስከ ዛሬ ልኬቱን በሚያሳየው ሥዕል ላይ ይታያል። በኋላም ባለ በጀቶቹ ይህ የዘወትር ሥራ እንጂ ምርምር አይደለም እያሉ ሲከራከሩት ኖሩ። ኪሊንግ በ2005 እስኪሞት አልተወውም፤ ከእሱም በኋላ ልጁ ራልፍ ቀጠለበት። በኅዳር 2022 ተራራው ራሱ ፈንድቶ መንገዱንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ሲቆርጥ ልኬቱ ለጊዜው ወደ ጎረቤት ተራራ ተዛወረ። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ታስሮ የኖረው አየር ሲመረመር ደግሞ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ቁጥሩ 280 ገደማ እንደነበር፣ በ800,000 ዓመትም ከ300 እምብዛም እንዳላለፈ ታወቀ። ዛሬ ከ420 በላይ ነው።

መሣሪያው በተተከለበት በዚያው በ1958 ኢትዮጵያ መከራ ላይ ነበረች። ወባ የማያውቀው ወይና ደጋ በወረርሽኝ ተመታ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገመተ። ያን ዓመት ዝናቡም ሙቀቱም ከወትሮው ያፈነገጠ ነበር። አንድ ክፉ ዓመት የዓለም ሙቀት መጨመር ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ እንዲህ የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አትመኑት። መናገር የሚችለው ረጅም መዝገብ ነው። በደብረ ዘይት አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2005 የተያዘው የወባ ሕሙማን መዝገብ በኢትዮጵያውያንና በውጭ ተመራማሪዎች ተተንትኖ በ2014 ታተመ፤ ሞቅ ባሉ ዓመታት ወባው ወደ ከፍተኛው ቦታ ሲወጣ፣ በቀዘቀዙት ሲወርድ ታየ። ምክንያቱ ይታወቃል፤ አደገኛው የወባ ተውሳክ ከ18 ዲግሪ በታች በትንኟ ሆድ ውስጥ አያድግም። ደጋው በሞቀ ቁጥር ይህ ድንበር ሽቅብ ይሄዳል።

ያ ጥናት የተሠራው የጤና ሠራተኞች በእጃቸው እየጻፉ ካኖሩት ቁጥር ነው። በየጤና ጣቢያው፣ በየወረዳው፣ በየዝናብ መለኪያው እንዲህ ያለ አሮጌ መዝገብ የምትጠብቁ ሰዎች፣ ቦታ ጠበበ ተብሎ ከመጣሉ ወይም ከመቃጠሉ በፊት ቢያንስ በስልካችሁ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሡት።