የአዲስ አበባና የዋሽንግተን መንገድ፣ በቤተ ዘመድ መካከል

አባቶቻችን ኢየሩሳሌምን ለመሳለም በወጡ ጊዜ መንገዱ በወር ይቈጠር ነበር፤ የሄደውም ሰው እስኪመለስ ድረስ ቤተ ሰቡ በጸሎት ይጠብቀው ነበር። ዛሬ ብዙዎች ልጆቻችን ከኢየሩሳሌም እጅግ ርቀው ይኖራሉ፤ መንገዱ ግን በሰዓት የሚቈጠር ሆኗል። ይሁን እንጂ ሰዓቱም ልክ አለው፤ ልኩን ማወቅም ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል።

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በአየር ሲለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዋሽንግተን ተነሥቶ በቀጥታ የሚመጣ አይሮፕላን 13 ሰዓት ያህል ይበርራል። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚሄደው ግን ብዙውን ጊዜ ነዳጅ ለመሙላት በመንገድ ስለሚያርፍ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል።

መንገዱ አንድ ሲሆን ጊዜው ስለ ምን ይለያያል? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የክንፉም የሞተሩም ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ ለመላው ጕዞ የሚበቃ ነዳጅ ከነመንገደኛው ከነጓዙ ተሸክሞ መነሣት ይከብደዋል። ሁለተኛው፣ በሰሜን አትላንቲክ ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ የሚመጣውን ይገፋዋል፣ የሚሄደውን ይቋቋመዋል።

የቀኑም ሰዓት ይለያያል። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋቸው 7፣ በብርዳቸው ወራት 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በበጋቸው ወራት አንድ ልጅ ቅዳሜ ከረፋዱ በ5 ሰዓት ከዚያ ቢነሣ፣ በእኛ ዘንድ ያን ጊዜ ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ እሑድ ከጧቱ በ1 ሰዓት ግድም አዲስ አበባ ይደርሳል።

አሁን ይህን ቍጥር በሐዘን ቀን እንመልከተው። በአገራችን ልማድ የሞተ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይቀበራል። ከላይ የተናገርነው 13 ሰዓት ደግሞ የበረራው ብቻ ነው፤ ቲኬት መፈለግ፣ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ፣ ከሌላ ከተማ ተነሥቶ ዋሽንግተን መድረስ በላዩ ይጨመራል። ስለዚህ መርዶውን ሰምቶ የሚነሣ ልጅ፣ ቢቸኵልም፣ ቀብሩ ካልቈየለት አይደርስም።

ብዙ ቤተ ሰብ ልጁ በሰው አገር ብቻውን እንዳይደነግጥ ብሎ የወላጁን ሕመም ይሸሽገዋል። አሳቡ የርኅራኄ ነው፤ ነገር ግን የአባቱን እጅ ይዞ ሊሰናበት የሚችልበትን ጥቂት ቀን ይወስድበታል። ድንጋጤውንም አያስቀርለትም፣ ያዘገይበታል እንጂ።

ስለዚህ ቤተ ሰብ ሁሉ በደኅናው ጊዜ ተሰብስቦ ሦስት ነገር ቢወስን መልካም ይመስለናል፤ ሕመም ሲጸና ለልጁ ማን እንደሚነግረው፣ በዚያ አገር ካሉት ወዳጆች ማን በአካል ሄዶ እንደሚያጽናናው፣ ቀብሩም ይቈየው ወይስ አይቈየው። ለቀብሩ ያልደረሰም ቢሆን ለአርባው ሊደርስ ይችላልና፣ ቀኑን ቈጥሮ አስቀድሞ ማስታወቅ የቤተ ዘመድ ፈንታ ነው።