ሃያ አራት ጊዜ «አልስማማም» የሚል ወዳጅ

በኢየሩሳሌም ወደሚገኝ የአይሁድ የጥናት አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢገቡ ጠብ የተነሣ ሊመስልዎት ይችላል። በየጠረጴዛው ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ያቋርጠዋል። እጅ ይወራጫል፣ ድምፅ ከፍ ይላል። ጥቂት ቆይተው ሲያዩ ግን እነዚያው ሲፋጠጡ የነበሩ ሁለት ሰዎች እየሳቁ ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ።

ይህ የጥናት ዘዴ ሐቭሩታ ይባላል። ቃሉ የአራማይክ ሲሆን ትርጉሙ ጓደኝነት ነው። በምኩራብ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚያጠና ሰው አንድ ጓደኛ ይይዝና ኦሪትን፣ በተለይም ታልሙድን አብሮት ያነባል። የታልሙድ ገጽ ራሱ ክርክር ነው። መካከል ላይ ዋናው ጽሑፍ አለ። በአንዱ ጎን በ11ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ የኖረው የራሺ ማብራሪያ፣ በሌላው ጎን ደግሞ ከእሱ በኋላ የተነሡና ብዙ ጊዜ የማይስማሙበት ሊቃውንት ሐተታ ይገኛል። በተለመደው እትም ሥርዓተ ነጥቡ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ጥያቄው የት አልቆ መልሱ የት እንደሚጀምር አንባቢው ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ብቻውን የተሳሳተ ሰው መሳሳቱን ማን ይነግረዋል?

ከአፍ የወጣች አንዲት ቃል

የዚህን ጓደኝነት ጥቅምም አደጋም የሚያሳይ ታሪክ በዚያው በታልሙድ ውስጥ አለ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ረቢ ዮሐናን የተባለ ታላቅ መምህር በጥብርያዶስ ያስተምር ነበር። ሬሽ ላቂሽ የተባለውን ሽፍታ በዮርዳኖስ ወንዝ አግኝቶ ወደ ትምህርት መለሰው፤ እኅቱን ዳረለት፤ የጥናት ጓደኛውም አደረገው።

አንድ ቀን ሰይፍና ቢላ ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለው መቼ ነው በሚል የሕግ ጥያቄ ተከራከሩ። ዮሐናን በእሳት ሲጠነክር ነው አለ፤ ሬሽ ላቂሽ ደግሞ በውኃ ሲነከር ነው አለ። በዚህ መካከል ዮሐናን የጓደኛውን የድሮ ሽፍትነት አነሣበት። ሬሽ ላቂሽ አዘነ፤ ተቀያየሙ። ብዙም ሳይቆይ ሬሽ ላቂሽ ታመመ። ሚስቱ እያለቀሰች ወንድሟን ብትለምነውም ልቡ አልራራም። ሬሽ ላቂሽ ሞተ።

ዮሐናን በሐዘን ተጎዳ። እንዲያጽናናው ሌላ ሊቅ ላኩለት። አዲሱ ጓደኛ ዮሐናን በተናገረ ቁጥር ሐሳቡን የሚደግፍ ማስረጃ ያቀርብለት ጀመር። ዮሐናን ግን ይህ አላስደሰተውም። ሬሽ ላቂሽ ለአንድ ሐሳቡ 24 ተቃውሞ ያነሣበት እንደነበር፣ እሱም 24 መልስ ይሰጥ እንደነበርና ትምህርቱ የሚሰፋው በዚያ እንደነበር በቁጭት ተናገረ። ጓደኛውን እየጠራ ሲያለቅስ አእምሮውን ሳተ፤ እሱም ሞተ።

ልብ ይበሉ፤ 24ቱ ተቃውሞዎች አላለያዩአቸውም። ያለያያቸው ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን የወጋው አንድ ንግግር ነው።

ከኢትዮጵያ የሄዱት

የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በኢትዮጵያ ሲኖር ኦሪትን በግእዝ ይዞ፣ ከቄሶቹ አፍ እየሰማ ተምሯል። ታልሙድ ግን አልደረሰውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ከተካሄዱት ታላላቅ የጉዞ ዘመቻዎች በኋላ ግን በእስራኤል ያደጉ ብዙ ልጆች ከሐቭሩታ ጋር ተዋወቁ። በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ጨዋነት በሆነበት ቤት ላደገ ልጅ «አልስማማም» ማለት ቀላል አይደለም። በሐቭሩታ ግን ዝም ማለት ጓደኛን ብቻውን መተው ነው። ልጁ ሁለቱንም ጨዋነት መያዝ ይኖርበታል፤ ቤት ሲገባ የአያቱን፣ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የጓደኛውን።

በቤትዎ ይሞክሩት

ይህን ዘዴ ለመሞከር የግድ ታልሙድ ማንበብ የለብዎትም። ከባለቤትዎ፣ ከወዳጅዎ ወይም ካደገ ልጅዎ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ይቁረጡ። አንድ አጭር ጽሑፍ ይምረጡና ተራ በተራ ድምፅ እያሰሙ ያንብቡ። ጥቂት መስመር አንብበው ቆም ይበሉና «ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለት ነገር ግን አይርሱ። አንደኛ፣ ከመቃወምዎ በፊት የሌላውን ሐሳብ እሱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ በራስዎ ቃል ይድገሙት። በጥንት ዘመን በሂሌልና በሻማይ ተማሪዎች መካከል በነበረው ክርክር የሂሌል ወገን ሐሳብ ሕግ ሆኖ የጸናው ትሑታን ስለነበሩና የተቃዋሚዎቻቸውን ቃል ከራሳቸው ቃል ስላስቀደሙ እንደሆነ ታልሙድ ይናገራል። ሁለተኛ፣ ክርክሩ ቢጋል እንኳ የቆየ ጥፋት አያንሡ። ባለፈው ዓመት የጠፋው ገንዘብም ሆነ ልጅዎ የወደቀበት ፈተና ከጽሑፉ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ዘግተው አንድ ገጽ ይክፈቱ። ከፊት ለፊትዎ የተቀመጠው ሰው «እኔ ግን እንደዚያ አልገባኝም» ካለዎት ቅር አይበልዎት። ሃያ ሦስት ገና ይቀረዋል፤ ሻይ ይጨምሩለት።