ባቡሩ በየት በኩል ይለፍ? የሜሪላንዱ ፐርፕል ላይን መንገድ እንዴት ተመረጠ

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቤተዝዳ ያለው ርቀት ቢበዛ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱ የሜሪላንድ ከተሞች በዋሽንግተን ሜትሮ ቀይ መስመር ላይ ይገኛሉ። ነገር ግን ቀዩ መስመር ከአንደኛው ተነስቶ ወደ ደቡብ ይወርድና የዲሲን መሐል ዞሮ ነው ወደ ሌላኛው የሚወጣው። ጎረቤት ከተማ ለመድረስ የተሳፈረ ሰው ዋና ከተማዋን አቋርጦ ይመለሳል ማለት ነው። በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይ መኪና ሳይኖራቸው ከሥራ ወደ ሥራ የሚሮጡት፣ ይህን ዙሪያ ጥምጥም በደንብ ያውቁታል።

ሜትሮው ሲነደፍ ዋና ዓላማው ከዳር ያለውን ነዋሪ ወደ መሐል ማድረስ ነበር። ዛሬ ግን ሰው ከዳር ወደ ዳር ይሄዳል፤ መኖሪያው ላንግሊ ፓርክ፣ ሥራው ቤተዝዳ፣ ትምህርቱ ኮሌጅ ፓርክ ሊሆን ይችላል። ይህን ክፍተት እንዲሞላ የታሰበው ቀላል ባቡር ፐርፕል ላይን ይባላል። ከቤተዝዳ ተነስቶ እስከ ኒው ካሮልተን 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 21 ጣቢያዎች አሉት። ዲሲ ውስጥ ሳይገባ የቀዩን መስመር ሁለት ክንፎች፣ አረንጓዴውንና ብርቱካናማውን መስመር ያገናኛል። መስመሩ አሁን በግንባታ ላይ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ከግንባታው በፊት የነበረው ረጅም ክርክር ነው። አንድ ባቡር በየትኛው ጎዳና፣ በማን ደጃፍ እንደሚያልፍ የሚወሰነው እንዴት ነው? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ምርጫ ሰፊ ነበር። አንዱ ሐሳብ ባቡሩ ዋሽንግተንን የሚከበውን ቤልትዌይ የተባለ አውራ ጎዳና ተከትሎ ይሂድ የሚል ነበር። ሌላው ደግሞ ከአውራ ጎዳናው በስተውስጥ፣ ሰው ተጨናንቆ በሚኖርባቸው ሰፈሮች መካከል ይለፍ ይላል። በ2001 የግዛቱ አገረ ገዢ ፓሪስ ግሌንዴኒንግ የውስጡን መረጡ። በእኔ እምነት ከሁሉም ውሳኔዎች ትልቁ ይህ ነው። አውራ ጎዳና ዳር የተተከለ ጣቢያ ዙሪያው አስፋልት ስለሆነ በእግሩ የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው። በሰፈር መካከል የሚያልፈው መስመር ሲሠራ ጭቅጭቅ ይበዛበታል፤ ሲያልቅ ግን ተሳፋሪው ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ይደርስበታል። ተከታዩ አገረ ገዢ ሮበርት ኧርሊክ በአውቶቡስ ቢሆንስ ብለው ስሙን ሳይቀር ለወጡት፤ ክርክሩም ለዓመታት ተንከባለለ።

በ2008 የግዛቱ የትራንዚት አስተዳደር ለሕዝብ ያቀረበው ጥናት ስምንት አማራጮችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛው ምንም አለመሥራት ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሳይሠራ ቢቀር አካባቢው ምን ይመስላል የሚለው ካልታወቀ የሌሎቹን ጥቅም መመዘን አይቻልም። ሁለተኛው ያሉትን አውቶቡሶች ማሻሻል ነው። የቀሩት ስድስቱ ግማሾቹ ፈጣን አውቶቡስ፣ ግማሾቹ ቀላል ባቡር ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ወጪ ተብለው ተከፈሉ። ዝቅተኛ ማለት በብዙ ቦታ ከመኪና ጋር አንድ መንገድ እየተጋራ፣ በመብራት እየቆመ የሚሄድ ነው። ከፍተኛ የሚባለው ደግሞ መጋጠሚያዎቹን በዋሻና በድልድይ ያልፋል።

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማየት ደስ ይላል። ዝቅተኛው አውቶቡስ 400 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም፤ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ በቀን የሚጠበቀውም ተሳፋሪ 40 ሺህ ገደማ ነው። ከፍተኛው ባቡር 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠይቆ ጉዞውን ወደ 50 ደቂቃ ያወርዳል፤ 68 ሺህ ገደማ ሰውም ይስባል። መካከለኛው ባቡር 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ 63 ሺህ ያህል ተሳፋሪ ይጠበቅበታል። ከመካከለኛው ወደ ከፍተኛው ለመሸጋገር 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተጨምሮ የሚገኘው አሥር ደቂቃ ያህልና አምስት ሺህ ገደማ ተሳፋሪ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በወቅቱ ገንዘብ ሲሰጥ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነበር፤ የወጣው ዶላር ስንት የሰው ሰዓት አተረፈ?

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጓዝ ሰው ጥቂት ነው። ከላንግሊ ፓርክ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትሄድ ሴት ጠቅላላው ደቂቃ ምኗም አይደለም። የምትፈልገው ባቡሩ በተባለው ሰዓት መድረሱን ነው። በአንድ ጎዳና ላይ በመኪና ታግቶ የዘገየ ባቡር ደግሞ መዘግየቱን ይዞ እስከ መስመሩ ማብቂያ ይሄዳል። ስለዚህ ለብቻው የተከለለ መንገድ ያለው አማራጭ ጥቅሙ መንገዱ በተከለለበት ሰፈር ብቻ የሚቀር አይደለም።

ትልቁ ጦርነት የተካሄደው በምዕራቡ ጫፍ ነው። በቤተዝዳና በሲልቨር ስፕሪንግ መካከል፣ በቼቪ ቼዝ በኩል፣ በ1985 አገልግሎቱ የቆመ የዕቃ ባቡር መስመር ነበር። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ቦታውን በ1988 ገዝቶታል። ከጊዜ በኋላ ግን ዛፎች ያጠሉበት፣ ሰው የሚሮጥበትና በብስክሌት የሚንሸራሸርበት መንገድ ሆነ። ሦስቱም የባቡር አማራጮች በዚህ መሬት ላይ ያልፋሉ። የቼቪ ቼዝ ከተማ ደግሞ ባቡሩ ቀርቶ አውቶቡስ በጆንስ ብሪጅ ጎዳና ይሂድ አለች። ክርክሯ ባዶ አልነበረም፤ ያ ጎዳና በብሔራዊ የጤና ተቋማትና በወቅቱ የባሕር ኃይሉ በነበረው ሆስፒታል አጠገብ ስለሚያልፍ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ያገኛል። ሆኖም ከመኪና ጋር የሚጋፋ ጎዳና ነው፤ ዝቅተኛው አውቶቡስ ያን ያህል የዘገየበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የዛፎቹ ነገር ያሳዝነኛል። በሙቀት ወራት ያን ጥላ ለለመደ ሰው መቆረጣቸው እውነተኛ ጉዳት ነው፤ የእግር መንገዱ ከሐዲዱ ጎን እንደገና ቢሠራም ያ ጥላ ቶሎ አይመለስም። እንዲያም ሆኖ በዚህ በኩል መምረጣቸው ትክክል ነው እላለሁ። ከከተማ መሐል ማንንም ከቤቱ ሳያፈናቅል የሚገኝ የባቡር መሬት ዳግመኛ አይገኝም። ዛፎቹን የሚሟገትላቸው ገንዘብና ጠበቃ ያለው ሰፈር ነበር፤ አውቶቡስ ለሚጠብቀው የላንግሊ ፓርክ ስደተኛ ግን ያን ያህል የሚጮህለት አልነበረም።

በሲልቨር ስፕሪንግ ክርክሩ በዌይን ጎዳና ላይ ነበር። ነዋሪው ባቡሩ በዋሻ ይለፍልን አለ፤ ዋሻው ግን የከፍተኛው ወጪ አካል ነው። በመጨረሻ ባቡሩ በጎዳናው ላይ ከመኪና ጋር እንዲሄድ፣ ኮረብታውን ብቻ በአጭር ዋሻ እንዲያልፍ ተወሰነ። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም የቀድሞው አመራር ባቡሩ በግቢው ዋና መንገድ እንዳያልፍ ተቃውሞ ነበር። በላቦራቶሪዎች ያሉት ስሱ መሣሪያዎች ንዝረትና የኤሌክትሪክ መስክ ስለሚያውካቸው ስጋቱ መሠረት ነበረው። በ2010 ወደ ሥልጣን የመጡት ፕሬዚዳንት ዋላስ ሎ በዋናው መንገድ እንዲያልፍ ተስማሙ፤ ተማሪው የሚሰበሰበውም እዚያው ነው።

አገረ ገዢ ማርቲን ኦማሊ በ2009 መካከለኛውን ቀላል ባቡር መረጡ። ተቃዋሚዎች በ2014 ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2016 አንድ የፌዴራል ዳኛ የፕሮጀክቱን ፈቃድ ሰረዙ። የሜትሮው ተሳፋሪ እየቀነሰ መሄዱ በትንበያው ላይ ያለው ውጤት እንደገና ይጠና የሚል ነበር ምክንያታቸው። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈቃዱን መለሰ፤ በነሐሴ ወር ግንባታው ተጀመረ። በ2020 ዋናው ተቋራጭ ሥራውን ትቶ ወጣ፤ ሙሉ ግንባታው በሌላ ተቋራጭ የቀጠለው በ2022 ነው። ግንባታውንና የብዙ ዓመት አገልግሎቱን አጠቃሎ 5.6 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ውል ከ9 ቢሊዮን በላይ ሆነ።

በ2008ቱ ሠንጠረዥ ያልነበረ ዋጋም አለ። የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች በሚበዙበት የሲልቨር ስፕሪንግ መሐል፣ በቦኒፋንት ጎዳና፣ አነስተኛ ነጋዴዎች ለዓመታት ከግንባታ አጥር ጀርባ ደንበኛ ሲጠብቁ ኖረዋል። ባቡሩ ሲመጣ ገበያው ይደምቃል፤ ኪራዩም አብሮ ይጨምራል። ተሳፋሪና ደቂቃ በጥንቃቄ ተቆጥረው፣ የነጋዴው ኪሳራና የተከራዩ ስጋት በዚያው ሚዛን ላይ አለመውጣታቸው ትልቅ ጉድለት ነው።

አዲስ አበባም ይህን ምርጫ በራሷ መንገድ አልፋበታለች። በ2015 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ አብዛኛው ሐዲድ የተዘረጋው በነባር ጎዳናዎች አካፋይ ላይ ነው። በዚህ ብዙ ቤት ከመፍረስ ተርፏል። በአንጻሩ አጥሩ መንገዱን ለሁለት ስለከፈለው እግረኛው ለመሻገር ርቆ መዞር ግድ ሆኖበታል። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ዋጋ የሚከፍል ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ አስቀድሞ በግልጽ መነገር አለበት።

የሜሪላንድ መንግሥት ፐርፕል ላይን በ2027 ማብቂያ ወይም በ2028 መግቢያ ሥራ ይጀምራል ይላል። እስከዚያም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ በምትኖሩበት ከተማ የአዲስ መስመር አማራጮች ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርቡ እባካችሁ ስብሰባውን አትለፉት። ካርታውን አስዘርግታችሁ ጣቢያው ከቤታችሁ ስንት ደቂቃ በእግር እንደሚያስኬድ፣ ባቡሩ የት ከመኪና ጋር እንደሚጋፋ፣ በግንባታው ዘመን ለነጋዴው ምን ድጋፍ እንደታሰበ ጠይቁ። ሐዲዱ ከተቀበረ በኋላ የሚሰማ የለም።