ሽለላ በሳክስፎን፦ የ«ሞዓ አንበሳ» አልበም ሒሳዊ አቀባበልና የመመዘኛ ጥያቄ

መግቢያ

የሙዚቃ ሒስ የሚፈተነው የሚመዘነው ሥራ ከሐያሲው የመስማት ልማድ ውጭ ሲሆን ነው። ቴክኒካል ዴዝ ሜታል የሚባለው የሙዚቃ ዘርፍ ለዚህ ግልጽ ማሳያ ይሆናል። ዘርፉ ከጉሮሮ ተጨንቆ የሚወጣ ጎርናና ድምፅን፣ የሻከረ የኤሌክትሪክ ጊታርን፣ እጅግ ፈጣን የከበሮ ምትንና ውስብስብ የጊዜ አከፋፈልን ያጣምራል። በዘርፉ አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሣል፤ ይኸውም ክህሎቱ ለሙዚቃው ያገለግላል ወይስ ሙዚቃው ለክህሎቱ ማሳያ ብቻ ሆኗል የሚል ነው። የካናዳው ጎርጋትስ ቡድን በ1998 «ኦብስኩራ» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ የዘርፉን አድማጮች ጭምር ግራ አጋብቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዘርፉ ዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። በእነዚህ ዓመታት የተለወጠው አልበሙ ሳይሆን የአድማጩ ጆሮና የመመዘኛው ዓይነት ነው።

ይህ ጽሑፍ ተመሳሳዩን ጥያቄ ከኢትዮጵያ በኩል ያነሣል። የሚመረምረውም የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ «ዚ ኤክስ» ከተባለው የኔዘርላንድስ የፓንክ ቡድን ጋር በ2006 ያወጡትን «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘ አልበም ነው። የጽሑፉ ዋና ነጥብ አልበሙ በውጭው ዓለም በአድናቆት ቢቀበሉትም የተመዘነው በአብዛኛው በባዕድ ሚዛን እንደሆነ፣ ሥራው ከበቀለበት ከሽለላ ውስጥ የሚገኘው መመዘኛ ግን በሒሱ ውስጥ ቦታ እንዳላገኘ ማሳየት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፉከራና የሽለላ ውስጣዊ መመዘኛ

ሽለላ ዛሬም በሕይወት ካለባቸው አካባቢዎች አንዱ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ደጋ ነው። የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአርብ ገበያና በዙሪያዋ፣ እንዲሁም በስማዳና በእስቴ፣ ፉከራ፣ ሽለላና ቀረርቶ የሰርግ፣ የጥምቀትና የጅጌ ድምፆች ናቸው። ሦስቱ የጀግንነት ቃላዊ ጥበቦች በአጠቃቀም እየተወራረሱ ቢመጡም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፉከራ ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ተነሥቶ፣ መሣሪያውን ይዞ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ፣ ስለ ራሱና ስለ ወገኑ ገድል የሚናገርበት ነው። ሽለላ በዜማ ታጅቦ ሌላውን የሚቀሰቅስ፣ ወኔ የሚያነሣሣ ነው። ቀረርቶ ደግሞ ድምፅን አርዝሞና አስረዝሞ በነፃ ምት የሚወርድ የጀግንነት እንጉርጉሮ ነው።

እነዚህ ጥበቦች ለባዕድ ጆሮ በመጀመሪያ የሚያሰሙት ኃይልንና ጩኸትን ነው። ለባለቤቶቻቸው ግን ጩኸት መነሻ እንጂ መመዘኛ አይደለም። አዋቂ ሰሚ ቢያንስ አራት ነገሮችን ይመዝናል።

የመጀመሪያው ግጥም ነው። የሽለላ ስንኞች በአብዛኛው ጥንድ ጥንድ ሆነው ቤት ይመታሉ፤ በአማርኛ ሥነ ግጥም የወል ቤት የሚባለው፣ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚከፈለው ስንኝም በስፋት ይገኝባቸዋል። ስለዚህ ሰሚው ሐረጉ የት ላይ እንደሚሰበርና ቤቱ የት ላይ እንደሚመታ አስቀድሞ ይጠብቃል። ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ድምፁ የሚያርፍበት ቦታ በግጥሙ እንጂ በከበሮ አይወሰንም፤ ያለ ቦታው የተቋረጠ ትንፋሽ ስንኙን ይገድላል። ሦስተኛው የድምፅ ቀለም ነው። ድምፁ የሚሻክረውና የሚንቀጠቀጠው ለጌጥ ሳይሆን ቁጣንና ወኔን እንዲሸከም ነው። አራተኛው ምላሽ ነው። ሰሚው በእልልታ፣ በሆታ ወይም ራሱ ተነሥቶ በመፎከር ካልመለሰ፣ ድምፁ ምንም ያህል ቢያስተጋባ ሽለላው አልሠራም ማለት ነው። ከዚህም ጋር ፎካሪው ስለ ገድል የሚናገረው በሚያውቁት ሰዎች ፊት በመሆኑ ቃሉና ሕይወቱ አብረው ይመዘናሉ።

ሽለላ ወደ ሳክስፎን

ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወለደ። በልጅነቱ ክራርና መሰንቆ ተጫውቷል፤ ኋላም ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ዞሯል። የሙያ ሕይወቱን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ጀምሮ በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርን፣ በ1965 ደግሞ የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራን ተቀላቅሏል።

የጌታቸው ዋና አስተዋጽኦ በሰው ድምፅ ብቻ ይከናወን የነበረውን ሽለላ ያለ ቃል በቴኖር ሳክስፎን ማቅረቡ ነው። ይህን ያደረገው መሣሪያውን በማለዘብ አልነበረም። የፎካሪውን ጎርናና ድምፅ፣ ሰፊ ንዝረቱን፣ ድንገተኛ አነሣሡንና የስንኝ አሰባበሩን ወደ ሸምበቆው አሻግሯል። መድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈርና ለምድ አድርጎ በመውጣት የሚጫወተው የፎካሪን ሥርዓት መሆኑን ለዓይን ጭምር ያሳይ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ ስም በሸክላ የታተመው ሥራው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ኅትመት 14ኛ ቅጽ ሆኖ በ2003 እንደገና ሲወጣ የዓለም ሐያስያን በስፋት ሰሙት።

ሦስት የሒስ መንገዶች

ዚ ኤክስ በ1979 በኔዘርላንድስ የተመሠረተ የፓንክ ቡድን ነው። ቡድኑ 25ኛ ዓመቱን በ2004 ሲያከብር ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘው። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው «ሞዓ አንበሳ» የሻከሩ ጊታሮችን፣ ድግግሞሽ የሚበዛበት ከበሮን፣ ክላርኔትና ትሮምቦን የመሳሰሉ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ከጌታቸው ሳክስፎን ጋር ያጣመረ ነው። «ቼ በለው ሽለላ»ና «ሙዚቃዊ ስልት» በአልበሙ ከሚገኙት ሥራዎች መካከል ናቸው። ጥምረቱ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መድረኮች ቀረበ፤ በ2012ም «ያንበሳው ትዝታ» የተሰኘ ሁለተኛ አልበም ተከተለ።

የውጭው ሒስ ሥራውን የተቀበለው በሦስት መንገዶች እንደሆነ መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው የፍሪ ጃዝ መንገድ ነው። የጌታቸው ድምፅ ከአሜሪካውያኑ ከአልበርት አይለርና ከኦርኔት ኮልማን ጋር በተደጋጋሚ ተነጻጽሯል። ንጽጽሩ ለአዲስ አድማጭ በር ይከፍታል፤ የሚያስከትለው ስሕተት ግን ቀላል አይደለም። ፍሪ ጃዝ የተነሣው ከጃዝ ቋሚ ስምምነትና ምት ለመላቀቅ ከተደረገ ጥረት ነው። ጌታቸው ግን የተላቀቀው ከምንም ሥርዓት አልነበረም፤ የቆየ ሥርዓት ወደ አዲስ መሣሪያ ማስገባቱ ነበር። ለአንዱ ጆሮ «ነፃ» የሚመስለው ሐረግ ለሌላው ጆሮ በስንኝ የታሰረ ነው።

ሁለተኛው የፓንክ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ሥራው የሚወደሰው በጉልበቱ፣ በጥሬነቱና በድፍረቱ ነው። ይህ አነጋገር ከሽለላ ወኔ ጋር ስለሚቀራረብ ከፍሪ ጃዙ ንጽጽር ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ነው። ሆኖም «ጥሬ» የሚለው ቃል የረጅም ዘመን ትምህርትና ልምምድ ውጤት የሆነውን የትንፋሽና የሐረግ ቁጥጥር ይሰውራል። ቴክኒካል ዴዝ ሜታልን የሚተቹ ሰዎች ክህሎቱን ብቻ አይተው ስሜቱን ሲስቱ፣ የጌታቸው አድናቂዎች ደግሞ ስሜቱን ብቻ አይተው ክህሎቱን ስተዋል።

ሦስተኛው የ«ግኝት» መንገድ ነው። በዚህ አቀባበል አንጋፋው ሙዚቀኛ ከርሳት የተገኘ ሀብት ሆኖ ይቀርባል። ነገር ግን ጌታቸው በአገሩ በቲያትር ቤትና በፖሊስ ኦርኬስትራ ለአሥርት ዓመታት በሕዝብ ፊት ሲጫወት ኖሯል። የተገኘው ሙዚቀኛው ሳይሆን አዲሱ አድማጭ ነው ማለት ይቀላል።

አልበሙ በራሱ ሚዛን

ቀደም ሲል የተጠቀሱት አራት መመዘኛዎች በአልበሙ ላይ ቢሠሩ የሚገኘው ፍርድ የተለየ፣ እንዲሁም ከሙገሳ ያለፈ ይሆናል።

በግጥም በኩል ሳክስፎኑ ቃል ባይኖረውም ሐረጎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ይነሣል፣ ሁለተኛው ወርዶ ያርፋል። ሽለላን ከልጅነቱ የሰማ አድማጭ ያልተነገረውን ስንኝ በልቡ ሊሞላ ይችላል። የጌታቸው ታላቅነት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉን አስቀርቶ የቃሉን አጥንት አስቀምጧል። በድምፅ ቀለም በኩልም የጊታሮቹ መሻከር ከሳክስፎኑ ጎርናናነት ጋር አይጣላም። መሰንቆ ራሱ በአንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ላይ የሚፋተግ ሻካራ ድምፅ በመሆኑ፣ ሻካራነት ለሽለላ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

ክርክር ሊነሣ የሚችለው በትንፋሽ ላይ ነው። ሽለላ በነፃ ምት ሲከናወን ዝምታ የሥራው አካል ነው፤ ሰሚው ቀጣዩን ስንኝ የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ከበሮና ጊታር በማያቋርጥ ምት ሲያጅቡ ይህ ዝምታ ይሞላል። ሽለላው ከቅስቀሳ ወደ ጭፈራ ያዘነብላል። ይህ የግድ ጉድለት ተብሎ አይፈረድም፤ በአገር ቤትም ሽለላ በከበሮና በጭብጨባ ታጅቦ ወደ ጭፈራ የሚሸጋገርበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የተገኘውንና የተከፈለውን ለይቶ መናገር የሐያሲ ሥራ ነው። ምቱ የጋራ ጉልበት ሰጥቷል፤ በአንጻሩ የብቸኛውን ፎካሪ የጊዜ ሥልጣን ቀንሷል።

ምላሽን በተመለከተ ጥያቄው ከአልበሙ ያልፋል። ሽለላ በተፈጥሮው ሰሚው የሚያውቀውን ሰው፣ ቦታና ገድል ይጠራል። በአምስተርዳም ወይም በኒው ዮርክ አዳራሽ የሚሰማው ጭብጨባ ለክህሎቱ የተሰጠ ምላሽ ነው፤ ለጥሪው የተሰጠ መልስ ግን አይደለም። ሥራው ሁለት አድማጮች አሉት፤ የጽሑፍ ሒስ ያለው ግን አንደኛው ብቻ ነው።

የአገር ቤት ሒስ ድርሻ

ጥያቄው በአንድ አልበም የሚያበቃ አይደለም። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ጃኖ ባንድ በ2012 በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አቀናባሪነት «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ የሮክ ጊታርን ከአገርኛ ዜማ ጋር ማዋሐድ ዋና መለያው ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ «ሮክ ነው ወይስ አይደለም» ብሎ መጠየቅ በውጭ ሚዛን መመዘን ሲሆን፣ «ባህላችንን ጠበቀ ወይስ አበላሸ» ብሎ መጠየቅም ሙዚቃውን ሳይሰሙ መፍረድ ይሆናል። ጠቃሚው ጥያቄ የተሻከረው ጊታር ለዜማው ምን ጨመረለት፣ ቅኝቱ የት ላይ ታጠፈ፣ ድምፃዊው ስንኙን የት ላይ አሳረፈ የሚለው ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው የሒስ ቋንቋ ከዜሮ የሚፈጠር አይደለም። «ጉሮሮው ይሰብራል»፣ «ስንኙ አልመታም»፣ «ልብ ያነሣል» የመሳሰሉት አገላለጾች በሰሚው ዘንድ አሉ፤ ያልተደረገው መሰብሰባቸውና ፍቺያቸው ተመርምሮ ወደ ጽሑፍ መግባታቸው ነው። ከዚህ የሚመነጭ አንድ የጥናት ሐሳብ አለ። በአርብ ገበያ፣ በስማዳና በእስቴ ያሉ አዝማሪዎች፣ ፎካሪዎችና ነባር ሰሚዎች «ቼ በለው ሽለላ»ን እንዲያደምጡት ተደርጎ የሚሰጡት አስተያየት በራሳቸው ቃል ቢመዘገብ፣ በውጭ ከተጻፈው ሒስ ጎን የሚቆም ሁለተኛ የአቀባበል ሰነድ ይገኛል። ጥናቱ ከመስክ በፊት መልስ መስጠት የለበትም፤ ሰሚዎቹ አልበሙን ሊወዱት፣ ሊነቅፉት ወይም ጨርሶ ሽለላ አይደለም ሊሉት ይችላሉ። ሦስቱም መልሶች ዕውቀት ናቸው።

ማጠቃለያ

«ሞዓ አንበሳ» የደረሰበት አቀባበል አድናቆትና መረዳት አንድ እንዳልሆኑ ያስተምራል። የውጭ ሐያስያን በያዙት ሚዛን መመዘናቸው አያስወቅሳቸውም፤ ማንም የሚመዝነው በእጁ ባለው ሚዛን ነውና። የጎደለው ሌላው ሚዛን በጽሑፍ አለመኖሩ ነው። የቴክኒካል ዴዝ ሜታል አድማጮች ሙዚቃቸው ጩኸት ብቻ እንዳልሆነ ማስረዳት የቻሉት የውስጥ መመዘኛቸውን በጽሑፍ በመግለጻቸው ነው። ጌታቸው መኩሪያ በ2016 ከዚህ ዓለም ተለይቷል፤ ሽለላን በሥርዓቱ የሚያውቁ አረጋውያን ሰሚዎችም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ሸክላው በድጋሚ ሊታተም ይችላል፤ የሰሚው መመዘኛ ግን ከሰሚው ጋር ካለፈ በኋላ እንደገና የሚታተምበት መንገድ የለም።