ምዕራፍ 5፦ በብርድ ወራት አምሮ መልበስ

በጃንዋሪ ወር ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ የሰዉን አለባበስ ለሚቃኝ፣ ሁለት ዓይነት ወንዶች ቶሎ ዓይን ይገባሉ። አንደኛው ሙሉ ልብሱን በስስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክራባቱን አሳምሮ አስሮ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው ከልኩ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ወፍራም ጃኬት ውስጥ ገብቶ ብርዱን ረስቶታል፤ ግን እጁን በወጉ ማጠፍ ይቸግረዋል፣ ቢሮ ገብቶ ጃኬቱን ሲያወልቅም ከውስጥ የለበሰው ልብስ ተጨማዶ በላብ ርሷል። ሁለቱም በልባቸው የያዙት እምነት አንድ ነው፤ በብርድ ጊዜ ወይ ማማር ነው፣ ወይ መሞቅ።

እምነቱ ትክክል አይደለም። በልኩ የተሰፋና በሥርዓት የተደራረበ ልብስ ሰውን የሚያሞቀውም የሚያሳምረውም በአንድ ምክንያት ነው። በዚህ ምዕራፍ ምክንያቱን ካየን በኋላ ከካናቴራ እስከ ካፖርት፣ ከኮፍያ እስከ ካልሲ ምን እንደሚመረጥ እንመለከታለን።

ሙቀቱ የራሳችን ነው

ልብስ ከራሱ የሚያመነጨው ሙቀት የለውም። ሰውነታችን የውስጥ ሙቀቱን 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለማቆየት ሌት ተቀን ይሠራል፤ ልብስ ይህን ሙቀት እንዳያመልጥ ይጠብቃል። ሙቀት የሚያመልጠው በአራት መንገድ ነው፦ ቀዝቃዛ ነገር በመንካት፣ ነፋስ ጠርጎ ሲወስደው፣ በጨረር መልክ ከገላ ሲወጣ፣ እንዲሁም ላብ ሲተን።

ለዚህ ጥበቃ ዋናው ጋሻ የረጋ አየር ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን የሚያስተላልፈው በጣም በዝግታ ነው። እናቶቻችን ፈትለው ያሠሩት ጋቢ አራት ድርብ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ እያንዳንዱ ድርብ ስስ ቢሆንም በየመካከሉ የሚቀረው አየር የደጋውን ሌሊት ያስችላል። የመንዝ እረኛ ከበግ ጠጉር በተሠራ በርኖስ ውርጩን የሚቋቋመውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተጠማዘዘው ጠጉር በውስጡ ብዙ አየር ይይዛል።

የዚህ አየር ጠላቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ውሃ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ በላብ ወይም በበረዶ የራሰ ልብስ ወፍራም ቢሆንም አያሞቅም። ሁለተኛው ነፋስ ነው። ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓስል የተባሉ አሜሪካውያን አሳሾች በአንታርክቲካ ያደረጉትን ጥናት በ1945 አሳትመው ነፋስ ብርድን ምን ያህል እንደሚያባብስ አሳይተዋል። አሁን በሰሜን አሜሪካ በሚሠራበት ስሌት መሠረት፣ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲያሳይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ፣ ፊታችን ላይ የሚሰማን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ያህል ነው።

በ1941 ተመራማሪዎች የልብስን ሙቀት ጠባቂነት የሚለኩበት «ክሎ» የተባለ መለኪያ አወጡ። 1 ክሎ፣ 21 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ያለ ሥራ የተቀመጠን ሰው የሚመቸው ልብስ ነው፤ ይህም ከአንድ ሙሉ ልብስ ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ ሙሉ ልብስ የክፍል ውስጥ ልብስ ነው ማለት ነው። ደጅ ሲወጡ ከሥሩና ከላዩ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ሦስቱ ድርብ

ተራራ ወጪዎችም ሆኑ የሰሜን አውሮፓ ነዋሪዎች የሚከተሉት ሕግ ሦስት ድርብ ነው፤ ከገላ ላብ የሚያነሣ፣ አየር የሚይዝ፣ ነፋስና እርጥበት የሚከላከል።

የመጀመሪያው ድርብ ገላ ላይ የሚጣበቅ ስስ የውስጥ ልብስ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የለመድነው የጥጥ ካናቴራ ያሳጣናል። ጥጥ ላብን ይመጥጥና ይዞት ይቀመጣል፤ ሩጠን ባቡር ከያዝን በኋላ ቀጣዩን ፌርማታ ስንጠብቅ ጀርባችንን የሚያቀዘቅዘው ያ ነው። ሜሪኖ ከተባለው በግ የሚገኝ ሱፍ ግን ከራሱ ክብደት 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ይዞ እንኳ የመራስ ስሜት አይሰጥም፣ ቶሎም አይሸትም። ጠጉሩ በጣም ቀጭን ስለሆነ እንደ ባና ገላን አይኮሰኩስም። ዋጋው ከከበደ ለስፖርት የሚሠራው ስስ ፖሊስተር ጥሩ ምትክ ነው። አንገቱ በቪ ቅርጽ የተቆረጠውን ከመረጡ በሸሚዝ ኮሌታ በኩል ብቅ አይልም።

እግርንም አይርሱ። ብዙ ወንድ ከወገብ በላይ ሦስት ልብስ ደርቦ ከወገብ በታች በአንድ ጂንስ ይወጣል። ሱሪ ሥር የሚለበስ ስስ ረጅም የውስጥ ሱሪ ከውጭ አይታይም፤ የሱሪውን ቅርጽ ሳያበላሽ በየዕለቱ ያገለግላል።

ሁለተኛው ድርብ የአለባበስ ችሎታ ጎልቶ የሚወጣበት ነው፤ ቢሮም ሆነ ሰው ቤት ገብተው ካፖርት ሲያወልቁ የሚታየው እሱ ነውና። ክራባት የሚያደርግ ሰው ቪ አንገት ያለው ስስ የሱፍ ሹራብ ወይም ሰደርያ ይልበስ። ክራባት የማያደርግ ደግሞ አንገቱ የሚታጠፍ ሹራብን ከኮት ሥር ቢለብስ አንገቱም ይሞቃል፣ መልኩም ይከበራል። አንድ ወፍራም ሹራብ ከመልበስ ሁለት ስስ መደረብ ይሻላል። በመካከላቸው አየር ይቀራል፣ ኮቱም ላይ እብጠት አይታይም፣ ክፍሉ ሲሞቅ ደግሞ አንዱን ማውለቅ ይቻላል።

ሦስተኛው ድርብ ካፖርት ወይም ጃኬት ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚወጣውም ስሕተት የሚበዛውም በእሱ ላይ ስለሆነ ለብቻው እንየው።

ካፖርት ሲገዙ

ከሙሉ ልብስ ጋር የሚሄደው የሱፍ ካፖርት ነው። መለያው ላይ ያለውን የሱፍ መጠን ያንብቡ፤ ሱፉ እየበዛ ሲሄድ ሙቀቱም ዕድሜውም ይጨምራል። ርዝመቱ ቢያንስ የኮቱን ጫፍ መሸፈን አለበት፤ ጉልበት ድረስ ቢወርድ ደግሞ ጭኑን ያሞቃል፣ ቁመናንም ያስረዝማል። ለክተው ሲገዙ ከውስጡ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ይሂዱ። የትከሻው ስፌት ከትከሻዎ ጫፍ ላይ ይረፍ፤ ቁልፉ ሲቆለፍ ደረት ላይ አይወጠር፤ እጅጌው የሸሚዙን ጫፍ ይሸፍን።

የሙቀትና የማማር ምክንያት አንድ ነው ያልነው እዚህ ላይ ይታያል። የጠበበ ካፖርት ውስጡ ያለውን አየር ጨምቆ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ይበርዳል፣ ሲታይም የተወጠረ ነው። የሰፋው ደግሞ በተራመዱ ቁጥር በታችና በአንገት በኩል ቀዝቃዛ አየር ያስገባል፤ ሲታይም የሌላ ሰው ይመስላል። በልኩ የሆነው ሁለቱንም ችግር በአንዴ ይፈታል። ልኩ ትንሽ ከሳተ ልብስ ሰፊ ጋ ይውሰዱት፤ እጅጌ ማሳጠርና ጎን ማጥበብ ብዙ ወጪ የለውም። አዲስ ካፖርት ከመልበስዎ በፊት ከጀርባው ስንጥቅ ላይ በኤክስ ቅርጽ የተሰፋውን ክርና እጅጌው ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ምልክት ይፍቱ። ሁለቱም ለመደብር እንጂ ለመንገድ የተሠሩ አይደሉም።

ዝናብ ለሚበዛበት ከተማ፣ ለምሳሌ ለለንደን ወይም ለክረምቷ ኢየሩሳሌም፣ ገበሩ የሚወልቅ የዝናብ ካፖርት ይመቻል። ለእነዚህ ካፖርቶች መሠረት የሆነውን ጋባርዲን የተባለ ጥብቅ ጨርቅ ቶማስ በርበሪ በ1879 ፈልስፎ በ1888 የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። በ1969 ቦብ ጎር የሠራው ጎርቴክስ ደግሞ ዝናብን ከልክሎ የላብ እንፋሎትን የሚያስወጣ ሽፋን ነው።

ለጠና ብርድ ግን የዝይ ወይም የዳክዬ ለስላሳ ላባ የሚወዳደረው የለም። አውስትራሊያ ተወላጁ ኬሚስት ጆርጅ ፊንች በ1922 ኤቨረስትን ለመውጣት ሲነሳ ከፊኛ ጨርቅ የተሰፋና በላባ የተሞላ ካፖርት ይዞ ነበር፤ የዛሬው የላባ ጃኬት የሱ ዘር ነው። ጃኬቱ ላይ የሚጻፈው 550፣ 650 ወይም 800 የሚል ቁጥር ላባው ምን ያህል እንደሚነፋ ይናገራል። ቁጥሩ ከፍ ሲል በትንሽ ክብደት ብዙ አየር ይያዛል። ዘናጭ መሆን የሚፈልግ ሰው ከፍ ያለ ቁጥር ያለውን፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ያለውን፣ ወገቡ ላይ ሰብሰብ ያለውን ይምረጥ። የላባ ድካሙ እርጥበት ነው፤ ከራሰ ይጨመደዳል፣ ሙቀቱም ይጠፋል።

ራስ፣ አንገት፣ እጅና እግር

«ከሰውነት ሙቀት ግማሹ የሚወጣው በራስ በኩል ነው» የሚለው አባባል እውነት አይደለም። የአዋቂ ሰው ራስ ከሰውነቱ ገጽ 10 በመቶ ቢሆን ነው፤ የሚወጣውም ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ቢሆንም ራስ፣ ፊትና አንገት ብርድን በጣም ስለሚያውቁ ኮፍያ የግድ ነው። ከካፖርት ጋር ጆሮን የሚሸፍን ጌጥ ያልበዛበት የሱፍ ኮፍያ ይስማማል። የአንገት ልብስ ደግሞ ከካፖርቱ ቀለም አንድ ደረጃ ፈካ ያለ ይሁን፤ ለሁለት አጥፈው በአንገትዎ ካዞሩ በኋላ ጫፎቹን በእጥፋቱ ውስጥ ቢያሾልኩ ነፋስ አያገኝም።

ጓንት ቆዳ ሆኖ ገበሩ ሱፍ ቢሆን ለከተማ ይበቃል። ለከፋ ቀን ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ዓይነት የበለጠ ይሞቃል፤ ጣት ጣትን ያሞቃልና። ጫማው ሶሉ ወፍራምና የማያንሸራትት፣ ከወፍራም የሱፍ ካልሲ ጋር ጣት የሚያንቀሳቅሱበት ቦታ ያለው ይሁን። በሁለት ካልሲ የተጨናነቀ ጫማ የደም ዝውውርን ስለሚያግድ እግርን ያቆፍናል።

ገናና ጥምቀት በበረዶ አገር

ለእኛ ሰው ብርድ ከባድ ፈተና የሚሆንበት ቀን ከበዓል ጋር ይገጥማል። ገና በጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት በ19 ገደማ ይውላሉ፤ በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ የብርዱ ዋና ወቅት ነው። ነጭ እጀ ጠባብና ሱሪ ለብሶ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ስለ ብርድ ብሎ የአገሩን ልብስ መተው አይገባውም፤ ከሥሩ ያለውን ማስተካከል ይበቃዋል። ነጭ ወይም ገላ ቀለም ያለው ስስ የውስጥ ልብስ ከላይም ከታችም ይልበስ፤ ጥቁር ከሆነ በስሱ ጥጥ ውስጥ ያሳያል። ካፖርቱ ከእጀ ጠባቡ ይርዘም፤ ከሥር የተንጠለጠለ ነጭ ጨርቅ አለባበሱን ያበላሻል። ግመል ቀለም፣ ግራጫና ጥቁር ሰማያዊ ከነጩ ጋር ይስማማሉ። ደጁ ሲደርሱ ካፖርቱ ይወልቃል፣ ጋቢው ይደረባል።

ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ጫማ ተፈትቶ ስለሆነ የዚያን ሌሊት ካልሲ ከጫማው እኩል ያሳስባል። ወፍራምና ያልተቀደደ የሱፍ ካልሲ፣ በጎን ዚፕ የሚከፈት ቡትስ፣ በካፖርቱ ኪስ ደግሞ አንድ ደረቅ ትርፍ ካልሲ ይያዝ። ደጃፍ ላይ የቀለጠ በረዶ ካልሲን ካራሰ እስከ ንጋት መቆም ከባድ ነው።

መግዛትና መንከባከብ

ገንዘብ ለተወሰነበት ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጫማና ካልሲ፣ ቀጥሎ የውስጥ ልብስ፣ ኮፍያና ጓንት፣ ከዚያ አንድ ጥሩ የውጭ ልብስ፣ በመጨረሻ ሹራብ። ቀለሙን ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫና ቡናማ ላይ ከወሰኑ ሁሉም ከሁሉም ይገጥማል። ጥሩ የሱፍ ካፖርት ብዙ ዓመት ስለሚቆይ ያገለገለ መግዛት አያሳፍርም፤ ገበሩን፣ ብብቱንና የእጅጌውን ጫፍ አገላብጦ ማየት ብቻ ነው።

ሱፍን ቶሎ ቶሎ አያጥቡ፤ በብሩሽ ያራግፉት፣ በሰፊ የእንጨት መስቀያ ሰቅለው ያናፍሱት። ብርዱ ሲያበቃ አጽድተው በዝግ ከረጢት ያስቀምጡት፤ ብል የሚወደው ላብና ምግብ የነካውን ሱፍ ነው። የላባ ጃኬት በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ በማድረቂያ ውስጥ በአነስተኛ ሙቀት ከሁለት ሦስት የቴኒስ ኳሶች ጋር ቢደርቅ ላባው ተመልሶ ይነፋል። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ጫማ ላይ የሚተወውን ነጭ ምልክት እኩል ውሃና ኮምጣጤ ባስነካ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከማሞቂያ ርቆ ይድረቅ፣ ከዚያ ይቀባ።

አንድ አደራ ይቀረናል። ከአገር ቤት የሚመጡ ብዙ ወንድሞች በበረዶ ወራት አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርሱት በስስ ጃኬትና በጨርቅ ጫማ ነው። ዘመድ ወይም ጓደኛ ሊቀበሉ ሲሄዱ ካፖርት፣ ኮፍያና ጓንት ይዘው ይሂዱ። በሳምንቱም አብረውት ገበያ ወጥተው ልኩን ያስለኩት። ብርዱን የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው ሊያደርግለት የሚገባ የመጀመሪያ መስተንግዶ ይህ ነው።