እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ
ከአቃቂ እስከ ቆቃ፦ የአረንጓዴው ውሃ መርዝና የመዝናናት ዋጋ

አዲስ አበባ የምትጠጣውም የምትደፋውም እዚያው ወንዝ ላይ ነው። የለገዳዲ ግድብ በትልቁ አቃቂ ራስጌ፣ የገፈርሳ ግድብ ደግሞ በትንሹ አቃቂ ራስጌ ተቀምጠው ለከተማዋ የቧንቧ ውሃ ይሰጣሉ። ሁለቱ ወንዞች ከዚያ ወርደው ከተማዋን ሲያቋርጡ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሹን፣ የጋራዡን ዘይት፣ የቄራውን ደም፣ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ኬሚካል ይሸከማሉ። በመንገዳቸው ላይ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣሉ። አቃቂ በሰቃን አልፈውም አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። አባ ሳሙኤል የሞላውን ወደ አዋሽ ይለቃል፤ አዋሽም ቆቃ ሐይቅ ይገባል።

በዚህ መንገድ ሁሉ ዓይን የሚያየው ቆሻሻ እየቀነሰ ይሄዳል። ፌስታሉ ጥሻ ላይ ይቀራል፣ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ሽታው ይለዝባል። ውሃው ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ግን ታች ድረስ ይወርዳል። ቆቃ ላይ ፀሐይና የረጋ ውሃ ሲያገኝ ሐይቁን አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ያስመስለዋል።

አንድ መጋቢ፣ ሁለት አረም

የአባ ሳሙኤል ግድብ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዓመታት ነው። 6.6 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር። ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ተርባይኑ አዲስ ሆነ፤ የሚያዞረው ውሃ ግን የከተማዋን ፍሳሽ የተሸከመው ያው የአቃቂ ውሃ ነው። ስደተኛ ወፎች የሚያርፉበት ይህ ሐይቅ ገጹን እንቦጭ ሲወርሰው ኖሯል።

ስለ እንቦጭ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ጣና አስተምሮናል። ብዙ ያልተወራለት ሌላው አረም ሳይኖባክቴሪያ ነው፤ በተለምዶ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ይባላል። ሁለቱም የሚበሉት አንድ ነው፦ ከሽንትና ከዓይነ ምድር፣ ከሳሙና እና ከማሳ ታጥቦ ከሚመጣ ማዳበሪያ የሚገኝ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ። እንቦጭ ሐይቁን ሲሸፍን ብርሃን ስለሚከለክል ከሥሩ ያለው አልጌ ይዳከማል። እንቦጩ በሰው ጉልበትና በማሽን ሲነሳ ደግሞ ፀሐይ ትገባለች፤ ምግቡ እዚያው ስለሆነ ቦታውን አልጌ ይረከባል። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የሚገባው ሳይቀንስ እንቦጭ ብቻ መንቀል የሚታየውን አረም በማይታየው መተካት ሊሆን ይችላል። እንቦጭ ጀልባ ያስራል፣ መረብ ይይዛል፤ ሳይኖባክቴሪያ ግን ጉበት ይጎዳል።

ቆቃ የነገረን

ቆቃ በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ ተገንብቶ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ ጉማሬ ሊያይ፣ ዓሣ ሊበላ፣ ፎቶ ሊነሳ ይቆምበታል። የአቃቂን ውሃ ብቻ አይደለም የሚቀበለው። የሞጆ ወንዝም የቆዳ ፋብሪካዎቹን ፍሳሽ ይዞ ይገባበታል፤ በዙሪያው ያለው እርሻም ማዳበሪያውን ያወርድበታል።

በ2001 ዓ.ም. አልጀዚራ ስለ ቆቃ አንድ ዘጋቢ ፊልም አሳየ። የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ሌላ ውሃ ስለሌላቸው አረንጓዴውን ውሃ በጄሪካን እየቀዱ ሲጠጡበት ታየ። ናሙናውን የተመለከቱት የብሪታንያው የደርሃም ዩኒቨርሲቲ የአልጌ ተመራማሪ ብራያን ዊተን ማይክሮሲስቲስ የተባለውን መርዘኛ ሳይኖባክቴሪያ አገኙበት። ከሁለት ዓመት በኋላ የስዊድን፣ የፊንላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በጋራ የሠሩት ጥናት ታተመ፤ ግርማ ጥላሁን ከጸሐፊዎቹ አንዱ ናቸው። ጥናቱ ቆቃን፣ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ ሐዋሳን፣ ዓባያን፣ ጫሞንና አብጃታን መርምሮ በአብዛኞቹ ማይክሮሲስቲን የተባለውን የጉበት መርዝ አገኘ። የሺእመቤት ሜጀር፣ ደመቀ ክፍሌና ባልደረቦቻቸውም በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቆቃን ብቻ ለይተው አጥንተው ችግሩ እንዳለ መሆኑን አሳይተዋል። የባሕር ዳር የጣና ወሽመጥም የመርዘኛ ሳይኖባክቴሪያ ጥናት ተሠርቶበታል። የአዲስ አበባ መጠጥ ውሃ የሚቀዳበት ለገዳዲም አልተረፈም።

መረጃው አለ ማለት ነው። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ፣ ለሳይንስ መጽሔት ነው። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ይዞ ወደ ሐይቅ የሚወጣ ቤተሰብ ስለ መንገዱ፣ ስለ አልጋ ዋጋ፣ ቢበዛ ስለ ቢልሃርዚያ ይጠይቃል። ስለ ውሃው ቀለም ይጠይቅ ዘንድ የነገረው የለም።

ማፍላት የማያድነው

ሳይኖባክቴሪያ እንደ ተክል በፀሐይ ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ ነው። ማይክሮሲስቲስን የመሳሰሉት በሴላቸው ውስጥ የአየር ከረጢት ስላላቸው ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። ነፋስ ሲቆም ውሃው ፊት ላይ ይሰበሰባሉ፤ ለስላሳ ነፋስ ሲነሳ ወደ አንድ ዳርቻ ይገፋቸዋል። የሐይቁ መሀል ንጹሕ መስሎ ዳሩ ግን መቶ እጥፍ የተከማቸ መርዝ ሊይዝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ዳር ላይ የሚንቦጫረቁት ደግሞ ልጆች ናቸው። ልጅ ሲዋኝ ከአዋቂ ይልቅ ብዙ ውሃ ይውጣል፣ ክብደቱም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ያው ጉንጭ ውሃ እሱን የበለጠ ይጎዳዋል።

መርዙ አንድ ዓይነት አይደለም። ማይክሮሲስቲን ጉበትን፣ አናቶክሲን ነርቭን ያጠቃል። ሴሉ ሕያው ሳለ አብዛኛው መርዝ ውስጡ ይቆያል፤ ሲሞት ግን ወደ ውሃው ይፈስሳል። ውሃውን ማፍላት ሴሉን ሰብሮ መርዙን ይለቅቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም የቀረው ይበረታል። የቤት ውስጥ ክሎሪንም ለጀርም እንጂ ለዚህ አስተማማኝ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቶሊዶ ከተማ ከኢሪ ሐይቅ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ በማይክሮሲስቲን ሲበከል ወደ ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የተነገረው «አትጠጡ፣ አታፍሉትም» የሚል ነበር። በብራዚል ካሩአሩ ከተማ ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ. መርዙ ያለበት ውሃ ለኩላሊት እጥበት በመዋሉ ከ50 በላይ ሕሙማን ሞተዋል።

በመዝናናት ላይ የደረሱ ጉዳቶችም ተመዝግበዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሩድያርድ ሐይቅ የታንኳ ልምምድ ያደረጉ ወታደሮች ከአልጌው ጋር ተነካክተው ታመሙ፤ ሁለቱ ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። በ2007 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲና ሳልቶ ግራንዴ ግድብ በውሃ ሞተር ብስክሌት ሲጫወት አልጌ ውስጥ የወደቀ ወጣት በሰዓታት ውስጥ አቅለሽልሾትና ደክሞ ከዚያም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደረሰ፤ ሳንባውም ጉበቱም ተጎድቶ ነበር፤ በኋላ ድኗል። በውሃው ውስጥ የተለካው ማይክሮሲስቲን በሊትር 48.6 ማይክሮግራም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለዘወትር መጠጥ በሊትር 1፣ ለአጭር ጊዜ መጠጥ 12፣ ለመዋኛና ለመዝናኛ ውሃ 24 ማይክሮግራም ይላል። የወጣቱ ውሃ ከመዝናኛው ወሰን እጥፍ ነበር ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ሕመሙ እንዲህ አይጎላም። የቆዳ ማሳከክ፣ የዓይን መቅላት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት ይሆናል። እነዚህ የአሜባም የታይፎይድም ምልክቶች ናቸው። ሐኪሙ «ሐይቅ ገብተሃል ወይ? ውሃው ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ካልጠየቀ ሕመሙ በሌላ ስም ተመዝግቦ ያልፋል። ያልተመዘገበ ሕመም ደግሞ በጀት አያስመድብም።

አረንጓዴ ሁሉ መርዝ አይደለም

ከአቃቂ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ሲነዳ ቢሾፍቱ ይደረሳል። ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ የአዲስ አበቤ መዝናኛ ሆነው ኖረዋል። እዚያው አካባቢ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ በስሙ ልክ አረንጓዴ ነው፤ ቀለሙን የሰጠው ግን ስፒሩሊና ተብሎ ለምግብነት የሚሸጠው ዝርያ ነው። በሌላ በኩል መርዝ ያለበት ውሃ አረንጓዴ ሳይመስል ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ዓይን ሊያስጠነቅቅ እንጂ ሊፈርድ አይችልም፤ የሚፈርደው ላብራቶሪ ነው።

እስከዚያው ዓይንን በጥቂቱ ማሠልጠን ይቻላል። ውሃው ላይ በእንጨት ጫፍ ሲነካ እንደ ክር የሚንጠለጠል ነገር ካለ ብዙውን ጊዜ ሌላ አልጌ ነው። እንጨቱን እንደ ቀለም ከለወሰው ግን ያጠራጥራል። እጅን በጓንት ጠብቆ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ውሃ ሳይነቃነቅ አድሮ አረንጓዴው ወደ ላይ ከተንሳፈፈ ጥርጣሬው ይበረታል። የተጠራጠሩት ውሃ ውስጥ አይገባም፤ በጀልባ ሞተር የሚረጨው ፍንጣቂም በትንፋሽ ይገባልና ከዚያም መራቅ ነው። የነካው ሰው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ውሻም ሆነ ከብት ከዚያ አይጠጣ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በቦትስዋና ከ300 በላይ ዝሆኖች ሲሞቱ መንግሥት ምክንያቱ ይኸው መርዝ ነው ብሏል። ዓሣ የሚበላም ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ሆድ ዕቃውንና ጉበቱን አስወጥቶ ሥጋውን በደንብ ያጥብ፤ መርዙ በብዛት የሚከማቸው በሆድ ዕቃውና በጉበቱ ነው።

ሕጉ አለ፣ ወንዙም አለ

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጣ። የበከለ እንዲያጸዳ ያዛል፤ ማንኛውም ሰው የግል ጉዳቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤት እንዲልም ይፈቅዳል። ይህን አንቀጽ የሞከረ ድርጅት ነበር። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲየሽን ፎር ዘ ፒፕል በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የተነሳ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሰሰ። ጉዳዩ በ1999 ዓ.ም. አካባቢ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ፤ ሊከሰስ የሚገባው በካዩ እንጂ ተቆጣጣሪው አይደለም በሚል መንፈስ። ወንዙን የሚበክለው ግን አንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ፍሳሹን ወደ ቦይ ያዞረ የየቤቱ ባለቤትም አለበት። ተቆጣጣሪው ካልተጠየቀ ሚሊዮን ሰው ማን ይከሳል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት ደንብም ለነባር ፋብሪካዎች እስከ 5 ዓመት የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ ሰጠ። እፎይታው ካለፈ ቆይቷል።

ምንም አልተሠራም ማለት ግን ውሸት ነው። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ በዓለም ባንክ ድጋፍ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጓል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደ ነው። ማጣሪያ ግን የሚያጣራው በመስመር የደረሰለትን ብቻ ነው፤ ናይትሮጅንና ፎስፎረስን ለማውጣት ተብሎ ካልተነደፈም አልጌው ቀለቡን አያጣም። ወንዝ ዳር አበባ መትከልም ዓይንን ያሳርፋል እንጂ በወንዙ ውስጥ የሚያልፈውን አይቀንስም።

አቃቂን ማጽዳት የአሥርት ዓመታት ሥራ ነው። ማስጠንቀቅ ግን ያን ሁሉ አይጠብቅም። ጤና ሚኒስቴር፣ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎቹ ተስማምተው ሰው በብዛት የሚዝናናባቸውን ዳርቻዎች በየሳምንቱ ቢመረምሩ፣ ውጤቱንም በአማርኛና በኦሮምኛ በሰሌዳና በሬዲዮ ቢነግሩ፣ ወጪው ወንዙን ከማጽዳቱ ጋር አይወዳደርም። የሐይቅ ዳር ሆቴሎችም እንግዳቸውን ማስጠንቀቅ ገበያ ያሳጣናል ብለው መፍራት የለባቸውም፤ ገበያ የሚያሳጣው ታሞ የተመለሰ እንግዳ ነው።

ቅደም ተከተሉ ግን ከመዝናኛው አይጀምርም። እሑድ ቆቃ ላይ ጀልባ የሚሳፈር የአዲስ አበባ ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ የደፋውን እንደገና ሊያገኘው ይችላል፤ ቢሆንም ሰሌዳ ካነበበ ተመልሶ መሄድ ይችላል። የሐይቁ ዳር ገበሬ መመለሻ የለውም፤ ልጁ የሚዋኝበትም፣ ከብቱ የሚጠጣበትም፣ እናቱ የምትቀዳውም እዚያው ነው። ለእነዚህ መንደሮች ከሐይቁ ያልተቀዳ ንጹሕ ውሃ ማስገባት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ማስጠንቀቂያው ይከተላል፤ ወንዙን የማጽዳቱ ረጅም ሥራም ያኔ በማንም ሕፃን ጉበት ላይ ሳይቆጠር ጊዜውን ሊወስድ ይችላል።