ተራውን የማይጠብቀው ልጅ

በበዴሳም ሆነ በሌላው የወላይታ ከተማ የዕረፍት ደወል ሲደወል ከጨዋታ የሚገፋ አንድ ልጅ አይታጣም። ተራ አይጠብቅም፤ የሰው ቃል ያቋርጣል፤ ሳያስበውም ይገፈትራል። «ባለጌ» እያልን የምንገሥጸው ይህ ልጅ፥ ሐኪም ቢያየው፥ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ያለበት ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል በ1894 ዓ.ም. ለንደን ላይ ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ንግግር አድርገው ነበር።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ባልንጀራ ማጣቱ ነው። በመስከረም ጊፋታ ሲመጣ እኩዮቹ በአንድነት ሲጫወቱ እርሱ ከዳር ይቀራልና። ሕጉን ያውቀዋል፤ በጨዋታው ሙቀት ግን ይጠፋበታል። ስለዚህም በኋላ ጠርቶ ከመምከር ይልቅ እዚያው ጨዋታው ላይ ሳለ ማገዝ ይሻላል።

ገበጣ ለዚህ ምን ያህል ምቹ ነው! አንዱ ጠጠሩን ሲዘራ ሌላው እጁን ይሰበስባል። አስተማሪው ልጁን ከአንድ ረጋ ያለ ጓደኛ ጋር ያጣምረው፤ «ተራህ አልደረሰም» እያለ በለሆሳስ ያስታውሰው፤ ሲታገሥም ወዲያው «ጎበዝ፥ ጠበቅህ» ይበለው። ለነገ የተቀጠረ ምስጋና ለእንዲህ ያለው ልጅ ሩቅ ነው። ዱላማ፥ ወላጆች አይቀየሙንና፥ ዝም ያሰኘዋል እንጂ ተራ መጠበቅን አያስተምረውም። ሁለቱ ከተላመዱ በኋላ ሦስተኛ ልጅ ይጨመርላቸዋል።